አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ኑዛዜ

አባን «ከባለቤቴ ጋር ኑዛዜ ልናደርግ ነው» ስላቸው ንስሐ መስሏቸው ሰዓት ሊቀጥሩን ነበር። እኛ ካቶሊኮች ቃሉን ለሁለቱም ስለምንጠቀምበት አልፈርድባቸውም። ተሳስቀን ተለያየን። ያኔ ጠበቃ ጋ ሂዱ ቢሉን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ባለቤቴ የእምድብር ልጅ ነው። ፊደል የቆጠረው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። «ያስተማሩኝን ብድራቸውን ሳልመልስ አልሞትም» ይል ነበር። ከድርሻው 200 ሺህ ብር ለአጥቢያው ትምህርት ቤት ይሰጥ፣ አቅም የሌላቸው ሴት ልጆች ይማሩበት፤ ለእናት አባቱም በየዓመቱ ቅዳሴ ይቀደስላቸው። ሌላው ለአራቱ ልጆቻችን። የፈለገው ይኸው ነው።

ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፍ አንድ ሰው ጋ ሄድን። 38 ዓመት ሁሉን ነገር አብረን ስላደረግን ይህንንም አብረን አልን። «እኛ ባልና ሚስት» ብሎ ጀመረ። አራት ምስክሮች ፊት ተነበበ፣ ሁላችንም ፈረምን፣ ቀን ተጻፈበት። 800 ብር ከፈልነው። «እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም» ሲለን ደግሞ የሻይ ጨመርንለት! እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ እሷ የሻይዋ ናት።

ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. አረፈ። ከአርባው በኋላ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አውጥቼ ውርሱ እንዲጣራ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ዳኛዋ አነበቡት። ገልብጠው እንደገና አነበቡት። «እማማ፣ እዚህ ላይ የተናዘዘው ስንት ሰው ነው?» አሉኝ።

«ሁለታችን» አልኩ፣ በኩራት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 858 ለካ ይህንኑ ይከለክላል። ሁለት ሰው በአንድ ጽሑፍ ከተናዘዘ ኑዛዜው ዋጋ የለውም። ኑዛዜ የአንድ ሰው ብቻ ነገር ነው። ተናዛዡ በፈለገ ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅድ መሻር መቻል አለበት፤ ከሌላ ሰው ጋር ከታሰረ ግን ይህ ነጻነት አይኖረውም። ምክንያቱ ሲነገረኝ ገባኝ። ንዴቴን ግን አላበረደውም። አራት ምስክር አቁመን፣ ጮክ ብሎ አስነብበን፣ የወደቅነው አንድ ተጨማሪ ወረቀት ባለመግዛታችን ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ያከፋፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች የማያውቁት ነገር አለ። ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም። ከጋራው ሀብት የራሴን ግማሽ ወሰድኩ፤ የሱ ግማሽ ለልጆቹ ሆነ። ለትምህርት ቤቱ ሰባራ ሳንቲም የለም። ለቅዳሴውም እንዲሁ።

እያለቀስኩ አባ ጋ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ጉዳዩን እንዲህ አይዘጋውም አሉኝ። ለኛ ለምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀኖና ሕግ ቁጥር 1043 ላይ አለ፦ ለቤተ ክርስቲያን የተናዘዘ ሰው በተቻለ መጠን የመንግሥትን ሕግ ሥርዓት ይከተል፤ ያ ሥርዓት ተጓድሎ ከተገኘ ወራሾች የሟቹን ፈቃድ የመፈጸም ግዴታ እንዳለባቸው ይነገራቸው። ፖሊስ አይልክም፣ ኅሊናን ግን ያንኳኳል።

ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ሦስቱ እሺ አሉ። አንዷ ውጭ አገር ስለሆነች ውክልናዋ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። የመጀመሪያው ልጄ ግን «እማዬ፣ ዳኛ የጣለውን አባ ሊያነሱት ነው?» አለ። ድርሻውን አልሰጠም። እሱን መቀየም አልቻልኩም፤ አባቱ በሕይወት ሳለ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልነገርነውም። ምጽዋት በስውር ነው፣ ግራ እጅ አይወቅ ተብሎ ተሰብኮልን አይደል። በዚህ በኩል ከሰባኪዎቹ ጋር አልስማማም። ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ፣ ብሩንም ምክንያቱንም ንገሯቸው። ይቆጡ፤ እናንተ እያላችሁ ይቆጡ።

የራሴን ኑዛዜ ብቻዬን፣ በጠበቃ፣ በአንድ ጠዋት ጨረስኩ። «በእጅሽ ጽፈሽ ቤት አስቀምጪው፣ ይበቃል» የሚሉኝ ነበሩ። ልክ ነው፣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሙሉውን በራስ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን ጽፎ፣ እያንዳንዱን ገጽ ፈርሞ። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሰባት ዓመት ደግሞ ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው። ስጦታውንም በአባ ስም አላደረግኩትም። ካህን ይዛወራል፣ ሕጉም ታማሚን ሲያጽናና ለቆየ ካህን የተሰጠን ነገር በጥርጣሬ ነው የሚያየው። በሀገረ ስብከቱ ስም አስጻፍኩት፣ «ለሴት ልጆች ትምህርት» ብዬ። የትምህርት ቤቱን ስም ሆን ብዬ ተውኩት፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ይችላል። ካሰብኩት ግማሹን ደግሞ አሁኑኑ ሰጠሁ። አባ «ለእርጅናሽ ያስፈልግሻል» ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም።

ጃንጥላ ሥር ያለው ሰውዬ ዛሬም እዚያው ነው። ባለፈው ሳልፍ ባልና ሚስት ፊቱ ተቀምጠው አየሁ። ቆም ብዬ «ልጆቼ፣ ኑዛዜ ከሆነ ሁለት ወረቀት ግዙ» አልኳቸው። ለካ የቤት ኪራይ ውል ነው የሚያጽፉት። ሰውዬው ገላመጠኝ።