ሳይንስ አስፋልት ላይ ሲወጣ

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ በሚከፈትበት «መንገድ ለሰው» እሑድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አስፋልት ላይ ወጥተን ሳይንስን በቀልድ እናቀርባለን። አንዱ ሰርግ ላይ ሲያስቅ የኖረ ኮሜዲያን ነው። ሌላዋ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። እንዴት እንደምንሠራውና ምን እንደተማርንበት ልንገራችሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ ብትሞክሩት በጣም ደስ ይለኛል።

አስፋልቱን የመረጥነው አስበንበት ነው። ስለ ሳይንስ የሚወራው ብዙ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚገባው ደግሞ ድሮም ነገሩን የሚወድ ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው መንገድ ለሰው ግን ሁሉንም ያወጣል። ስኬት የሚነዳው ልጅ አለ፤ ስፖርት የሚሠሩ እናቶች፣ ደም ግፊት ለመለካት የተሰለፉ አባቶች፣ ሎተሪ አዟሪው አሉ። ማንም እኛን ብሎ አልመጣም። ስለዚህ ዓይን የሚስብ ነገር ይዘን መቆም ነበረብን።

የመጀመሪያው ትርኢታችን ስለ እንጀራ ነበር፤ እስካሁንም የምወደው እሱን ነው። ሊጡን ማታ አቡክተን እናሳድረዋለን። ጠዋት ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጠን አፉ ላይ ፊኛ እንገጥምለታለን። እንዲፈጥንልን ትንሽ ስኳርና የዳቦ እርሾ እንጨምርበታለን፤ ይህንንም ለሰዉ በግልጽ እንናገራለን። ከዚያ ፀሐይ የሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነው ወደ ሌላ ወሬ እንገባለን።

ኮሜዲያኑ እያወራ ፊኛው ቀስ እያለ ቀና ይላል። ቀድመው የሚያዩት ሁልጊዜ ልጆች ናቸው። «ጋሼ! ጋሼ! ፊኛው!» ይላሉ። እሱም ዞር ብሎ ፊኛውን ከላይ እስከ ታች ያየውና «አንተን ደግሞ ማን ነፋህ?» ብሎ ይቆጣዋል። ሰው ይስቃል። ሳቁ ሳይበርድ እኔ እገባና ያንኑ ጥያቄ ለሰዉ እመልሰዋለሁ፤ እውነት ማን ነፋው?

እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበሉና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ፊኛውን የነፋው ይህ ጋዝ ነው። ምጣድ ላይም ሊጡን እየበሳ ሲወጣ የእንጀራውን ዓይን ይሠራል። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጥን የሚያለጥጥ ግሉተን ስለሌለው ጋዙን ለመያዝ ይቸገራል። ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ የሚበስለው አብሲት እዚህ ላይ ያግዘዋል፤ የበሰለው ስታርች ሊጡን ስለሚያወፍረው ጋዙ ቶሎ አያመልጥም። እዚህ ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ወደፊት ጠጋ ይላሉ። አብሲት ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ የእኛ ሥራ እጃቸው የሚያውቀውን ምክንያቱን ጨምሮ ማሳየት ነው።

ቀልዱን የሚጽፈው ኮሜዲያኑ ነው፤ እኔ አልነካበትም። የእኔ ድርሻ እስኪገባው ድረስ መልስ መስጠት ነው። ደረጄና ሀብቴን እያየ ያደገ ሕዝብ ሁለት ሰው ሲከራከር ማየት ስለሚወድ፣ መድረኩም ላይ እንደዚያው እናደርጋለን፤ እሱ ይጠይቃል፣ አልቀበልም ይላል፣ እኔ አስረዳለሁ። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለን። ሳይንሱን ብናወጣው ቀልዱ ብቻውን የሚያስቅ ከሆነ እንጥለዋለን፤ የቱንም ያህል ቢያስቅ።

ምሳሌ ልስጥ። ቡታጋዝ ላይ ውሃ ጥደን፣ ሲፈላ የላብራቶሪ ባለሙያችን ቴርሞሜትሩን እንዲያነብ ፊት ለፊት ያለውን ልጅ ትጠራለች። «92!» ይላል ልጁ። መጽሐፉ 100 ይላል እኮ! ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ መከራከር ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ውሃውን የሚጫነው እየቀነሰ ስለሚሄድ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ባቄላና ምስርም ለመብሰል ጊዜ ይወስዳሉ። ዳናኪል ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች ስንወርድ ደግሞ ውሃ ለመፍላት 100ን ትንሽ ማለፍ አለበት። ይሄኔ ኮሜዲያኑ ጭንቅላቱን ይዞ «ምስሩ አልበሰለም ብዬ ስንት ዓመት ሚስቴን ስጨቀጭቃት! ለካ ጥፋቱ የከፍታው ነው!» ይላል። ይህን ቀልድ ለጎረቤቱ የሚያወራ ሰው ሳይንሱንም አብሮ ያወራል።

በጣም የምንጠነቀቅበት ነገር የሰውን እምነት መሳቂያ አለማድረግ ነው። ስለ ወባ ስናቀርብ አንድ አባት «ወባ የበቆሎ እሸት የሚያመጣው ነው» አሉ። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ኮሜዲያኑ ግን «አባባ፣ እስቲ ያዩትን ይንገሩን» ብሎ ማይኩን ሰጣቸው። እሳቸውም በአገራቸው እሸት ሲደርስ ሰው እንደሚታመም ተናገሩ። ያዩት ትክክል ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ እሸት የሚደርስበት ወቅት ወባም የሚበረታበት ነው። ደግሞም ጎጃም ውስጥ ቡሬ አካባቢ የሠሩ ተመራማሪዎች ውሃ ላይ የሚረግፈው የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ለትንኟ እጭ ጥሩ ምግብ እንደሚሆን አሳይተዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኟ ናት፤ በቆሎው ግን ጨርሶ ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ይህን ስንነግራቸው የሳቁትም ጭምር ዝም ብለው ሰሙ።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው የእንዶዱ ቀን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በወንዝና በሐይቅ ውሃ የሚይዘው የቢልሃርዚያ በሽታ ተውሳክ ከዕድሜው ከፊሉን ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ ምልከታ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የተፈጨ እንዶድ ብልቃጥ ውስጥ በውሃ ስንመታው አረፋው እስከ አፉ ሞላ። ልጆች እንዳይቀምሱት እያስጠነቀቅን ሳለ አንዲት እናት «እኔ ላሳያችሁ» ብለው ወጡ። እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ስንት እንደሚበቃ፣ ነጠላ እንዴት እንደሚያነጣ አስረዱ። ኮሜዲያኑ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ተማሪ ይጠይቃቸው ጀመር። ሳቁም እውቀቱም ከእሳቸው መጣ፤ እኛ ማይኩን ብቻ ይዘን ቆምን። ከዚያ ወዲህ በየትርኢቱ መሃል ለእንደዚህ ያለ ሰው ቦታ እንተዋለን።

ፈቃድና ድምፅ ማጉያ ላይ ብዙ አልቆይም። ወረዳውን ቀደም ብሎ ማናገርና ከኤሮቢክስ ሙዚቃው ራቅ ብሎ መቆም ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ወደዳችሁት ወይ ብለን አንጠይቅም። ዘግይቶ የመጣ ሰው እንፈልግና ከመጀመሪያው የነበረ ልጅ እንዲያስረዳው እናደርጋለን። እኛ ጎን ቆመን እንሰማለን። ልጁ የኮሜዲያኑን ቁጣ ተርኮ ጋዙን ከዘለለው፣ ለሚቀጥለው እሑድ ያንን ክፍል እንደገና እንጽፈዋለን።