ጅራፍ፣ ሙልሙልና የእርድ ቀለም

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለደብረ ታቦር፣ ለቡሄ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፣ ጭቃውም እንዳለ ነው። ግን «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባል የለ? እኛም በዚያው ተስፋ በዓሉን እየተቀበልን ነው።

ዘንድሮ መልእክቴ ልመና አለበት። ቡሄን ሠርተን እናክብረው። ልጆቹንም እናሠራቸው። በከተማው የጅራፍ ድምፅ እየቀነሰ የርችቱ እየበዛ ነው። ሙልሙሉም ከዳቦ ቤት እየተገዛ ነው። የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፣ ጊዜ የሌለው ብዙ ነው። ግን ቡሄ የልጆች በዓል ነው። ጅራፉን የሚገምደው፣ ችቦውን የሚያስረው እረኛው ራሱ ነው። ያንን ከልጆቻችን እጅ ከወሰድንባቸው ምን እንተውላቸዋለን?

ከጅራፉ ልጀምር፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። በገጠሩ ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገመዳል። ከእጀታው በኩል ወፈር ይላል፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየቀጠነ መጥቶ በጭራ ያልቃል። የሚቀጥነው እንዲያምር ብቻ አይደለም። ክንዳችን የሰጠው ጉልበት ከወፍራሙ ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ ይሮጣል። የሚያንቀሳቅሰው ነገር እየቀለለ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ድምፅን ራሱን ይቀድማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የጅራፉ ጫፍ ያንን ሲያልፍ ፊቱ ያለው አየር በድንገት ይታመቅና «ጧ!» ይላል። መሬት አልመታ፣ እንጨት አልነካ፣ በባዶ አየር ላይ ነው የሚጮኸው። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት ለሌላ ጉዳይ የተተረተ ነው፤ እኔ ግን ልጆች ሲያስጮኹ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የሰው ልጅ ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ያበረረው በ1940 ዓ.ም. ነው። የጎጃም እረኛ ግን ከዚያ አስቀድሞ ከድምፅ የሚፈጥን ነገር በእጁ ይገምድ ነበር። ይህንን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ።

መሞከር ለሚፈልግ እነሆ። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጅራፎች ግመዱ። አንዱ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል ይሁን። ሁለተኛው እየቀጠነ ይሂድ። ከዚያ ልጁ ሁለቱንም ያስጩኻቸውና ልዩነቱን ራሱ ይንገራችሁ። መልሱን አስቀድማችሁ አትንገሩት፣ እባካችሁ። ቦታው ሰፊ ሜዳ ይሁን፣ ሌሎች ልጆች ራቅ ብለው ይቁሙ። የጅራፍ ጫፍ ዓይን ያጠፋል።

ሙልሙሉ ደግሞ የቤት ውስጡ ጉዳይ ነው። ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። የታቦሩ ብርሃን ቀኑ ያልመሸ ስላስመሰላቸው እረኞቹ ሜዳ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ዳቦና ችቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ሙልሙሉ የዚያ ዳቦ መታሰቢያ ነው፣ ጅራፉም በተራራው ላይ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ አባቶች። እኔ ልጨምር የምፈልገው ሊጡን ነው። የነሐሴ ብርድ ሊጥ ያስቸግራል። አንዱን ሊጥ ለሁለት ብርጭቆ እኩል አካፍሉት። የደረሰበት ከፍታ ላይ ክር እሰሩ። አንዱን ምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን መስኮቱ ሥር አስቀምጡ። ልጆቹ እየተመላለሱ ይዩት። ምድጃው አጠገብ ያለው ክሩን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ የመስኮቱ ገና ያንቀላፋል። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፣ የዱቄቱን ስኳር በልተው አየር ያወጣሉ፣ ያ አየር ነው ሊጡን የሚነፋው። ሲበርዳቸው ሥራቸው ይቀዘቅዛል። እናቶቻችን ቡሃቃውን በጋቢ የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው። እናቴ ሊጡ መድረሱን የምታውቀው በጣቷ ጫን አድርጋ ነው። የጣቷ ጉድጓድ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ ይቆይ ትላለች። ይህንን ማንም በትምህርት ቤት አላስተማራትም፣ ትክክል ግን ነው።

ንፍሮ ለምትቀቅሉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ደጀንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ግን ከ95 ያልፋል። ከላይ ያለው አየር ሲሳሳ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። ስለዚህ የደጋ ባቄላ እሳት ቢጨመርበትም ጊዜውን ይወስዳል። ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት።

ጾሙ ፍልሰታ ነው፣ ቅቤና እንቁላል የለም። አብሽ ግን አለ። የአብሽ ዱቄት በብዙ ውሃ አሳድሩ። ጠዋት ከላይ የቆመውን ውሃ ድፉት፣ ምሬቱ አብሮት ይሄዳል። ከሥር የቀረውን ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ምቱት። ቢጫ የነበረው ይነጣል፣ ያብጣል፣ አረፋ ይሆናል። አብሽ ውሃ ሲጠጣ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል፣ ያ ነው አየሩን ይዞ የሚያስቀረው። ማር ወይም ስኳር ጨምራችሁ ጠጡት። የጎጃም ማር ካለማ ምን ቀራችሁ!

የመጨረሻው ለትንንሾቹ ነው፣ ወጪ የለውም። እርድ በውሃ በጥብጡና ነጭ ወረቀት ቀብታችሁ አድርቁ። ቢጫ ይሆናል። ከምድጃ አመድ ወስዳችሁ በውሃ ዘፍዝፉ፣ ሲጠል ከላይ ያለውን ጥሩ ውሃ ቅዱ። የሳሙና ውሃም ይሆናል። ልጁ በዱላ ጫፍ ወይም በብሩሽ እየነከረ ቢጫው ላይ ይሳል። የነካው ሁሉ ወደ ቀይ ይለወጣል። ከዚያ ሎሚ ጨምቃችሁ ቀዩ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድ አመድና ሳሙና ሲነካው አንድ መልክ አለው፣ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ሌላ። የአመዱ ውሃ ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ እጃቸውንም አስታጥቧቸው። እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ያህል ነው የቀረው። ልጆች ለጎረቤት ይዘው የሚዞሩትን አበባና መልአክ ዘንድሮ በዚህ ቀለም ቢስሉትስ? ከሱቅ ከተገዛ ሥዕል ይልቅ የሰፈራችን እማማዎች ይህንን እንደሚወዱት አልጠራጠርም።

በዓሉን ከቤታችሁ ርቃችሁ የምታሳልፉ ወዳጆቼ አላችሁ። መንገዱ ያልተመቻችሁ፣ ሥራ የያዛችሁ፣ ባሕር ማዶ ያላችሁ። ሙልሙሉ ስለ እናንተም ይቆረሳል። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። ልጆች ያለ ስጋት ሜዳ ወጥተው ጅራፍ የሚያስጮኹበት፣ ከደጅ ደጅ ዞረው የሚጨፍሩበት ማታ ይስጠን።

በሞጣም፣ በቢቸናም፣ በዳንግላም፣ በፍኖተ ሰላምም ያላችሁ፣ ጅራፋችሁን ከምን እንደምትገምዱ ጻፉልኝ። ከየትኛው ዛፍ ልጥ እንደሚወጣ፣ ከመገመዱ በፊት ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ ጭምር። ሰብስቤ ለልጆቹ ላስተምራቸው አስባለሁ። ከቻላችሁም ሲገመድ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ላኩልኝ፣ እጁ ከቅርብ እንዲታይ አድርጋችሁ።

መልካም ቡሄ ይሁንላችሁ!