3 ሰዓት ብዬ ሞላሁት

እናቴ የምትወደው ተከታታይ ድራማ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ይጀምራል። እሷ ደግሞ በ2 ሰዓት ተኝታ ሌሊት ለጸሎት የምትነሣ ሰው ናት። «አንተ እንደሁ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ነው የምትውል፤ እስቲ ያችን ነገር ቀድተህ አቆይልኝ» አለችኝ አንድ ቀን። ከብዙ ድካም በኋላ አሁንስ ሠራልኝ ባልኩበት ሳምንት ሰዓቱን 3፡00 ብዬ ሞላሁና ተኛሁ። በማግስቱ ቁርስ ይዘን ቁጭ ብለን ስንከፍተው፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓትን፣ ማለትም ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ጠብቆ፣ በድጋሚ የሚተላለፍ የምግብ ዝግጅት አሳምሮ ቀድቶልናል። እናቴ ምንም አልከፋትም፤ እስከ መጨረሻው አየችው። «ሽንኩርቱን አሳረረችው» ብቻ ነው ያለችኝ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። ይህን ለሰው ሳወራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ዩቲዩብ ላይ ይጫን የለም ወይ? ለምን ትደክማለህ?» የሚል ነው። ይጫናል። ግን የ2016ን አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢያችን የሞባይል ዳታ አልነበረም፤ ያኔ ቤታችን የሚደርሰው ምስል ከጣራ ላይ በዲሽ የሚወርደው ብቻ ነበር። ዳታ ሲኖርም ቢሆን አንድ ሰዓት ቪዲዮ ማየት ካርድ ይበላል። ከዲሽ የሚወርደው ግን አንዴ ከተተከለ ነጻ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን መንገድ ነበር። የኛ ሪሲቨር ፍላሽ ሲሰካበት ራሱ ይቀዳል። ታዲያ እየቀዳ ሳለ አባቴ ዜና ሊያይ ሪሞቱን ያነሣና ጣቢያ ይቀይራል። ስክሪኑ ላይ ቀረጻው ይቁም ወይ የሚል የእንግሊዝኛ ጥያቄ ይመጣል፤ አባቴ ደግሞ ምንም ነገር ሲመጣበት «ኦኬ»ን ነው የሚጫነው። በሁለት ወር ውስጥ ሙሉ ሆኖ የተቀዳ አንድ ክፍል ብቻ ነበረኝ።

ቀጥሎ ከሪሲቨሩ የሚወጣውን ምስል ተቀብላ በዩኤስቢ ለኮምፒውተር የምትሰጥ ትንሽ መቅረጫ ገዛሁ። ኦቢኤስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሞከርኩት፤ ምስሉ መጣ፤ ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልበረከተም። በዚህ መንገድ የሚቀዳው ሪሲቨሩ የሚያሳየው ነገር ነው፤ ስለዚህ የአባቴ ሪሞት አሁንም ገዢ ነው። ኮምፒውተሩም የመጣለትን ምስል እንደገና ማመቅ፣ ማለትም መጠኑን ማሳነስ፣ ስላለበት አሮጌው ዴስክቶፔ ይቃጠላል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከሁሉ የከፋው ግን የመብራት ነገር ነው። የፋሲካ ዋዜማን ልዩ ዝግጅት ሦስት ሰዓት ያህል ቀድቼ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ፋይሉ አለ፤ መጠኑም ትልቅ ነው፤ ግን በምንም አልከፈት አለ። ኋላ ነው የገባኝ፦ ኤምፒ4 የሚባለው ዓይነት ፋይል ማውጫውን በተለምዶ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። ሳያልቅ ከተቋረጠ ማጫወቻው የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዚያ በዓል አኩርፌ ነው የዋልኩት። ኦቢኤስን የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ሌላ ነገር ሁሉ ቢቀር የቀረጻውን ዓይነት ከኤምፒ4 ወደ ኤምኬቪ ቀይሩት፤ እሱ ቢቋረጥም እስከተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል።

ነገሩን የለወጠው ሦስተኛው መንገድ ነው። ከውጭ ለሚመጣ የአክስቴ ልጅ የዲሽ ገመድ በቀጥታ የሚሰካበት፣ ከኮምፒውተሩ ማዘር ቦርድ ላይ የሚገጠም ካርድ እንዲያመጣልኝ ላክሁበት። ካርዱ ሪሲቨሩን ከነአካቴው ያስቀረዋል። ከዲሹ ሌላ ገመድ አወረድኩ። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለችው ምልክት ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ የሚሏት፣ አንድ መውጫ ብቻ ስለነበራት በባለ ሁለት መውጫ ቀየርኳት። አሁን አንዱ ገመድ ለአባቴ፣ አንዱ ለእኔ ነው። የሪሞቱ ጦርነት በዚሁ አበቃ።

ካርድ ስትመርጡ አንድ ቁጥር ተጠንቀቁ። የኛ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ተብለው ከናይልሳት ወደ ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት፣ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሲዛወሩ ሁላችሁም ዲሻችሁን አዙራችኋል። ያኔ ዲሽ ሠሪው ሪሲቨሩ ላይ የሞላውን 11105፣ ኤች፣ 45000 የሚለውን ታስታውሱ ይሆናል። 11105 ፍሪኩዌንሲው ነው። ኤች ሞገዱ አግድም ነው ማለት ነው፤ ካርዱ ለኤልኤንቢዋ 18 ቮልት እንዲልክ ያደርገዋል፤ ቁመት ቢሆን ኖሮ 13 ይልክ ነበር። የመጨረሻው 45000 ነው ጣጣው። ከፍ ያለ ፍጥነት ስለሆነ እዚያ የማይደርሱ ካርዶች አሉ። ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል የሳተላይት ስርጭት ደረጃ ስለተጻፈበት ብቻ አትግዙ፤ እስከ 45000 መቻሉን ዝርዝሩ ላይ አይታችሁ ግዙ። እኔ ይህን ያወቅሁት በብልሃት አይደለም፤ የመጀመሪያው ካርድ እምቢ ብሎኝ ሁለተኛ ሳስመጣ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራውን ነጻውን ኡቡንቱ ጫንኩ፤ በላዩ ላይ ቲቪሄድኤንድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም። ስክሪን አይፈልግም፤ ቤት ውስጥ ካለ ስልክ ወይም ላፕቶፕ በብሮውዘር የኮምፒውተሩን አድራሻና 9981 የሚለውን ቁጥር ጽፎ መግባት ነው። ጣቢያ ፈልግ አልኩት፤ ፈልጎ ዘረዘራቸው። እዚህ ላይ ያስደነቀኝ ነገር አለ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ተጭነው ነው የሚመጡት፤ ካርዱ ያን ፍሪኩዌንሲ ከያዘ ከውስጡ ሁለቱንም ሦስቱንም ጣቢያ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይችላል። ያውም ኮምፒውተሩ ሳይደክም። ምክንያቱም እዚህ ማመቅ የሚባል ነገር የለም፤ ጣቢያው አምቆ የላከውን እንዳለ ተቀብሎ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ማራገቢያው ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ።

እንዳለ መቀመጡ ለመብራቱም መድኃኒት ሆነ። ከሳተላይት የሚወርደው ነገር 188 ባይት፣ 188 ባይት ሆኖ በተቆራረጠ ትንንሽ ጥቅል ነው የሚመጣው፤ ማውጫ የሚባል ነገር መጨረሻ ላይ አይጠብቅም። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ ፋይል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ቲኤስ የሚለው፣ መብራት ቢሄድበት እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ያለው ይታያል። ሰው «ወደ ኤምፒ4 ቀይረው፣ ያንስልሃል» ይለኛል። እኔ የመጣውን አልነካም።

ከዚያ በኋላ የታገልኩት ከሁለት ነገር ጋር ነው፤ ከሰዓትና ከመብራት።

የሰዓቱን መጀመሪያ ነገርኳችሁ። እኔ ጋ ጣቢያዎቹ የፕሮግራም ዝርዝር ስለማይታይላቸው የሁሉንም ሰዓት በእጄ ነው የምሞላው። አሁን ኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ በአንድ በኩል የኛ ሰዓት፣ በሌላ በኩል የኮምፒውተሩ። ማታ 3 ሲሆን 21፣ ጠዋት 3 ሲሆን 9። ልጅ ያስቃል፤ ግን ከለጠፍኩት ወዲህ አልተሳሳትኩም። ዝግጅቶች በሰዓታቸው ስለማይጀምሩም ከፊት አሥር ደቂቃ፣ ከኋላ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ። ዲስክ ርካሽ ነው፤ የድራማ መጨረሻ የተቆረጠባት እናት ግን ከባድ ናት።

ሌላው የሰዓት ጣጣ ሐምሌ ላይ መጣ። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ግን ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ መልሶት ነበር። ማዘር ቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ኢንተርኔት ቢኖር ሰዓቱን ከዚያ ያስተካክል ነበር፤ የለም። ለሳምንት ያህል ምንም አልቀዳም፤ እሱ እንደሆነ ቀኑ አልደረሰ ብሎ ተቀምጧል። ሲአር2032 የምትባለዋን ባትሪ ከሰዓት ሠሪ ገዝቼ ቀየርኳት።

ለመብራቱ ዩፒኤስ አለ፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ። እዚህ ላይ ካርዱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ኤልኤንቢዋ ኃይል የምታገኘው በገመዱ ከካርዱ ስለሆነ፣ ዩፒኤሱ ኮምፒውተሩን ብቻ ከያዘ ቀረጻው ይቀጥላል። ሪሲቨር የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ስክሪኑን ከዩፒኤሱ ነቅዬ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይቆይልኛል። ባዮስ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚገባበት ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብቼም መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ አደረግሁ። ሰዓቱ ካላለፈ ቲቪሄድኤንድም ካቆመበት ሁለተኛ ፋይል ከፍቶ ይቀጥላል። ዩፒኤሱ ግን ሌሊት መብራት በሄደ ቁጥር ጢጥ ጢጥ እያለ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበርና ከፍቼ ጩኸቱን አፈንኩት። (ዋስትና ያለው ዕቃ ላይ ይህን አታድርጉ።)

ዝናቡን ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የጎጃም ክረምት ታውቃላችሁ፤ ከጮቄ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ሲመጣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚወርደውን ምልክት ውኃው ይውጠዋል። ምስሉ ይሰባበራል፤ ይቆማል። ዲሹን ከ60 ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ሳሳድግና ጫፉ ላይ የዛገውን ማያያዣ ስቀይር ብዙ ተሻለ። ከባድ ዶፍ ሲሆን ግን ዛሬም ይጠፋል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ትልቁ ፈተና ነሐሴ 4 ቀን 2016 መጣ። የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ነው፤ ቅዳሜ፣ በኛ ጠዋት 3 ሰዓት። ፍልሰታ ስለሆነ እናቴ ቅዳሴ ናት፤ እኔም ይዣት ሄጃለሁ። በዋዜማው ወረቀቴን አይቼ ከ8፡45 እስከ 12፡00 ብዬ ሞልቼ፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሯጫችን ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው የገባው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ወሬ ነው። እናቴ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላ «ማን እንደቀደመ የሚነግረኝ ሰው እንዳይመጣ!» እያለች ፈጥና ሄደች። ቤት ስንደርስ መብራት የለም። እስከ ማታ አልመጣም።

ማታ ሲመጣ ከፈትኩት። ሁለት ፋይል አለ። ጠዋትም መብራት ሄዶ ነበር ማለት ነው፤ ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ቆይቶ ሞቷል፤ ከዚያ መብራት ተመልሶ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነሥቶ ቀጥሏል፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ደግሞ እንደገና ሄዷል። እንዳሰብኩት ሠርቷል! መሃል የጠፋው ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ፋይል አየን፤ ሯጮቹ ተቀራርበው ይሮጣሉ። ሁለተኛውን ስንከፍት ታምራት ብቻውን ነው። በ28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ያ ቀጥ ያለ ዳገት መብራቱ በጠፋበት መሃል አልፏል። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ብሎ ገባ፤ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

በማግስቱ የሴቶቹ ነበር፤ ትዕግሥት አሰፋ ብር ያመጣችበት። ያ ሳይቋረጥ ሙሉው ተቀዳ። ጎረቤታችን ፍላሽ ይዞ መጣ፤ ኮፒ ሳደርግለት እምቢ አለ። ፍላሹ ባዶ ነው፤ ፋይሉ 5.8 ጊጋ ገደማ ነው። በሰዓት 1.8 ጊጋ ያህል ይይዛል፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። ፍላሹ ግን በድሮው ፋት32 የተዘጋጀ ስለሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሱ ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ዓይነት አያነብም። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው መሣሪያ ምስሉን ሳልነካ ለሁለት ቆርጬ ሰጠሁት። እሱን ያዩ ሌሎች ደግሞ «ለምን አትሸጠውም?» አሉኝ። የሰው ሥራ ነው፤ ለቤቴ እቀዳለሁ፤ ለጎረቤት ቡና ላይ አሳያለሁ፤ ሱቅ አልከፍትም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ዩፒኤሱን ተለቅ ባለ ባትሪ ቀየርኩት። እናቴ አሁንም ያን ማራቶን አንዳንዴ ታስከፍተኛለች። ሁለተኛው ፋይል ሲጀምር ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው፦

«ልጄ፣ ዳገቱስ የታለ?»