አምስት ኩንታል ያነሰው ሽንኩርት

ሰሞኑን አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደውላ «ሽንኩርት ልጀምር ነው፣ የትኛው ዘር ነው የሚያዋጣው?» አለችኝ። ሆቴል ቤት አብረን ገንዘብ ተቀባይ በነበርንበት ጊዜ ቢሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። «መሬትሽ ቀይ አፈር ነው ወይስ ውሃ የሚቋጥረው ጥቁር ዋልካ?» ስላት ደስ አላላትም፤ ስለ ዘር ጠየቅኩሽ እንጂ ስለ አፈር መቼ ጠየቅኩሽ ዓይነት ዝምታ ዝም አለች። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ደብተሬን አውጥቼ እዚሁ ልጻፈው ብያለሁ። ደብተር መያዝ ከካሸርነት የቀረልኝ ልማድ ነው። የነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የመድኃኒት፣ የጆንያ፣ ሁሉም የየራሱ ገጽ አለው።

የእናቴ መሬት ሮቢት ነው፤ ከባሕር ዳር በጎንደሩ መንገድ ዘንዘልማን አለፍ ብሎ። ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አንደኛው ከአስፋልቱ በላይ ተዳፋቱ ላይ ያለ ግማሽ ቃዳ ቀይ አፈር ነው፤ ለከተማ ሰው፣ ቃዳ ማለት ሩብ ሄክታር ነው። ሌላው ወደ ጣና ወረድ ብሎ አንድ ቃዳ ሙሉ ዋልካ ሲሆን ጫፉ ባሕር ሸሽ የምንለው፣ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚተወው መሬት ነው። ዙሪያዬን ጫትና ጌሾ ነው። ሽንኩርት ልተክል ስነሳ ጎረቤት ሁሉ «ደህና ሥራ ትታ መጥታ ደግሞ ጫት እያለላት» ብሎ ስቋል። ያልሳቀው አጎቴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያልሳቀው የሚከራከርበት ነገር ስላገኘ ነው።

አጎቴ የአዳማ ሬድ ወገን ነው። ሰው የኳስ ቡድን እንደሚደግፈው ይደግፈዋል። ጥቁር ቀይ፣ ጠጣር፣ ሲከተፍ የሚያስለቅስ ሽንኩርት ነው፤ ምርቱም አይታማም። እኔ ደግሞ ቦምቤ ሬድ ቶሎ ይደርሳል ሲሉ ሰምቼ እሱን ይዤ መጣሁ። ላለመጣላት ዋልካውን ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሽ ቃዳ ለእሱ ዘር፣ ግማሽ ቃዳ ለእኔ። ለሄክታር አራት ኪሎ ዘር ስለሚባል ለየድርሻችን ግማሽ ግማሽ ኪሎ በቃን። ሁለቱንም መስከረም 20 የችግኝ መደብ ላይ ዘራን፣ ሁለቱንም ኅዳር 10 ወደ ማሳ አዛወርን። ማዳበሪያውም፣ ውሃውም፣ ሠራተኛውም አንድ ነው።

የተከላውን ቀን ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚያ ነውና። ችግኙ መነቀል ያለበት የእርሳስ ውፍረት ሳይደርስ፣ ቁመቱ ስንዝር ሳይሞላ ነው። አጎቴ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሁለት በትር ቆርጦ አንዱን 40፣ አንዱን 20 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ምልክት አደረገበት። ሰፊው የውሃ ቦይ ነው፤ ጠባቡ በቦዩ ግራና ቀኝ ባለው መደብ ላይ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። በችግኝና በችግኝ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ጣት። ሴቶቹ ተከላውን የተያያዙት በጠዋት ነው፤ በአንድ እጃቸው ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ሰክተው ቀዳዳ ያበጃሉ፣ በሌላው ሥሩን ቀጥ አድርገው አስገብተው በአውራ ጣት ጠቅ። ሥሩ ወደ ላይ ከታጠፈ ያ ሽንኩርት ቆሞ ይቀራል እንጂ ራስ አይቋጥርም። አንዷ እናት ስትተክል ሥር ሲታጠፍባት ሳታየው በጣቷ ታውቀውና መልሳ ትነቅለዋለች። እኔ ሃምሳ ችግኝ ስተክል እሷ መስመሩን ጨርሳ ነበር።

ውጤቱን ደብተሬ እንዲህ ይላል። ቦምቤ ሬድ የካቲት 25 ተነቀለ፣ 23 ኩንታል። አዳማ ሬድ መጋቢት 15 ተነቀለ፣ 28 ኩንታል። አጎቴ ሚዛኑ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ፊቱ ብቻ ይበራ ነበር። ደስታው ሽያጩ እስኪደርስ ነው። የእኔ ሲነቀል ሁዳዴ ገብቶ በየቤቱ ሽሮ ነው፣ ሽሮ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም፤ ኪሎውን 26 ብር ሸጥኩት። በሃያ ቀን ውስጥ ሽንኩርት በብዛት የሚያመርተው የፎገራ ወረዳ በሙሉ ነቀለ። ከዚያው ከወረታ ሜዳ የሚወጣው ሽንኩርት ሲጀምር ደላላው ስልክ አያነሳም፤ መኪኖቹ እኛን አልፈው ወደዚያ ይሄዳሉ፣ ከሜጫ በኩል ደግሞ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ወደ ቅዳሜ ገበያ ይገባል። የአጎቴን 15 ብር ለመሸጥ ሦስት ቀን ለመንን። ሃያ ሦስቱ ኩንታል 59,800 ብር አመጣ፣ ሃያ ስምንቱ 42,000። አምስት ኩንታል ያነሰው በ17,800 ብር በለጠ። በዚያ ላይ በነዚያ ሃያ ቀናት የእሱ ሽንኩርት አራት ጊዜ ተጨማሪ ውሃ ጠጥቷል፤ የሞተሩ ቤንዚን በሌላ ገጽ ተጽፏል።

«ሽንኩርቱ ምን አደረገ? ገበያው ነው እንጂ!» አለ አጎቴ። እውነቱን ነው። እኔም የገባኝ ያኔ ነው፤ ያወዳደርነው ዘር መስሎን ነበር እንጂ ያወዳደርነው የካቲትንና መጋቢትን ነው።

በሁለተኛው ዓመት እንግዲህ ጎበዝ ሆንኩ። የካቲት ካዋጣ ገናማ ምን ያህል ያዋጣል ብዬ መደቡን ነሐሴ 5 አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው ዘር የገዛሁት ከከተማ ሱቅ ነበር፤ ማሸጊያው አዲስ ነበር፣ ውስጡ ግን ስንት ዓመት እንደቆየ እግዚአብሔር ይወቀው። የሽንኩርት ዘር ዓመት ከቆየ ጉልበቱ ይደክማል። ከመደቡ የበቀለው እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ነበር። ባለሱቁ «አፈርሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዘር ስገዛ መቶ ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ በአሥር ቀን ሰባ ካልበቀለ መደብ አይገባም። ያን ጊዜ ግን ሌላ ዘር ከዘመድ ለምኜ በላዩ ላይ ዘራሁበት።

ነሐሴ መደብ ማለት ደግሞ ከሰማይ ጋር ትግል ነው። መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጌ፣ በላዩ የሣር ዳስ ሠርቼ ነበር፤ ያም ሆኖ የችግኙ አንገት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት እየበሰበሰ በክብ በክብ ወደቀ። ጠዋት መጥተሽ ስታይው ድስት የተቀመጠበት ይመስላል። ዋልካው ደግሞ መስከረም ላይ ገና ውሃ ቋጥሯል፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ እዚያ ሽንኩርት የሚታሰብ ስላልሆነ አጎቴ ሽምብራ ዘራበት። ችግኙን መስከረም 25 ላይኛው ቀይ አፈር ላይ ተከልኩ። ውሃው በተዳፋቱ ይወርዳል፣ ሥሩ አይታፈንም። ዝናቡ እስኪወጣ ግን ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጠባሳ ወጣበት፣ ከጠባሳው በላይ ያለው ይታጠፍና ይደርቃል። በየሳምንቱ ማንኮዜብ ረጨሁ፤ የመድኃኒቱ ገጽ ብቻ 7,200 ብር ይላል።

ገና ደረሰ፣ ሽንኩርቱ አልደረሰም። አንገቱ ገና ቆሞ ነበር። ትክክለኛው ነገር ከግማሽ በላዩ ሽንኩርት አንገቱ እስኪወድቅ መጠበቅ፣ ውሃ ማቋረጥ፣ ከተነቀለም በኋላ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። እኔ ግን በዓሉ እንዳያመልጠኝ ሳምንት ሲቀረው 8 ኩንታል እርጥቡን ነቀልኩ። ነጋዴው አንዱን ጫን አድርጎ «ይሄ እኮ ውሃ ነው» እያለም 41 ብር ገዛኝ። የቀረውን 7 ኩንታል ጥር ላይ በ33። ጠቅላላ 15 ኩንታል፣ 55,900 ብር። የመድኃኒቱ ተቀንሶለት እንኳ ከአጎቴ 28 ኩንታል በለጠ፤ ያውም ያኛው ወጪው ሳይነካ። ከገና በኋላ አጎቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ አዳማ ሬድ አላነሳም።

ቲማቲምም ሞክሬያለሁ፤ ብዙ የምለው የለኝም። ሽንኩርት ዋጋው ካልጣመሽ ሳምንት ታስጠብቂዋለሽ፤ ቲማቲም ቀልቶ ሳጥን ውስጥ ከገባ አዛዡ ደላላው ነው። ሮማ ቪኤፍ የሚባለውን ዘር በበጋው ቱታ የምትባለዋ ትል ቅጠሉን አሸንፋ በላችው፤ ክረምት ላይ የተከልኩት ደግሞ አንድ ጭጋጋማ ሳምንት ሙሉ በሙሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ። እንጨት ደግፈው፣ ድቅል ዘር ገዝተው ክረምት ላይ የሚያተርፉበት ሰዎች አሉ። አንጀት ይጠይቃል፣ እኔ የለኝም።

ሦስተኛው ዓመት፣ ማለትም ያለፈው፣ የዋልካው ተራ ነበር። ጣና የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ሰኔ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ሰው ኅዳር ተክሎ መጋቢት ከነቀለ እኔ ለምን ከሁሉም በኋላ አልሆንም አልኩ። መደብ ኅዳር 20፣ ተከላ ጥር 10። ያኔ መሬቱ ጠፈፍ ብሎ ተዘጋጅቷል፣ ገበያውም ሚያዝያ ከወደቀበት መነሳት ሲጀምር እደርሳለሁ። አጎቴ ዘንድሮም ለሁለት ይከፈል አለ፤ ተከፈለ።

ያልቆጠርኩት ነገር ውሃው ነበር። ጥር ላይ ሞተሩን ያስቀመጥኩበት ቦታ መጋቢት ላይ ደረቅ ጭቃ ሆነ። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ቱቦ እቀጥላለሁ፤ አንድ ጥቅልል ገዛሁ፣ ሁለት ከጎረቤት ተዋስኩ፤ የሳቁብኝ ባለ ጫቶች ናቸው ያዋሱኝ፣ ይመስገኑ። በሙቀቱ ትሪፕስ የሚባል ደቃቅ ተባይ ገብቶ ቅጠሉን ብርማ አደረገው። አንድ ሌሊት ደግሞ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ በማሳው መሀል አቋርጦ ሄደ። አልበላም፤ ዝም ብሎ ነው የሄደው። ግን እያንዳንዱ ኮቴ የሰፌድ ያህል ነው፣ በየኮቴው ሥር የተጨፈለቀ ሽንኩርት። አጎቴ ኮቴዎቹን ተከትሎ ቆጥሮ ሲጨርስ «በእኔ በኩል ያነሰ ነው» አለ።

የእኔ ቦምቤ ሬድ ሚያዝያ 25 አንገቱ ወደቀ፣ 21 ኩንታል ሆነ። ወዲያው አልሸጥኩም። ከቀርከሃ ቆጥ ሠርተን ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አድርገን፣ በጥላ ዘረጋነው፤ በየሦስት ቀኑ የበሰበሰውን እየለቀምኩ አወጣለሁ። ጠዋት ወረታ ያለች የአክስቴ ልጅ ጋ እየደወልኩ «ስንት መኪና ቆሟል?» እላለሁ። ሰኔ 12 «አንድም የለም» አለችኝ። አራት ኩንታል በብስባሽና በክብደት ሄዶብኝ 17ቱን በ36 ብር ሸጥኩ፤ 61,200። የአጎቴ አዳማ ሬድ ግንቦት 15 ሊነቀል ሲል የመጀመሪያው ዝናብ ያዘው። አንገቱ አረንጓዴ ነበር። እርጥቡን ነቅለን ዳስ ውስጥ ከመርነው፣ በአሥር ቀን ሽታው መንገድ ላይ ደረሰ። ያን ቀን ምንም አላልኩትም። አሸናፊ መሆን የማያስደስትበት ቀን አለ።

እና ለባልደረባዬ መልሴ ይህ ነው፦ ቀይ አፈር ካለሽ ቶሎ ግቢ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ያዢ፣ የመድኃኒት ገንዘብ አስቀምጪ። ያለሽ ዋልካ ብቻ ከሆነ ዝናቡን ቆጥረሽ ወደ ኋላ ተመለሺ፤ ከግንቦት አጋማሽ በፊት የማይነቀል ዘር አትትከዪ። መካከሉን ለፎገራ ተዪለት፤ እነሱ በብዛት ነው የሚያተርፉት፣ እኛ በግማሽ ቃዳ አንችላቸውም። አዳማ ሬድን ስድብ እንዳይሆንብኝ፣ ጊዜና ማስቀመጫ ላለው ሰው ምርቱ ከእኔ ይበልጣል፤ በሚዛን አይቼዋለሁ። የእኔ ዋጋዎች ደግሞ የእኔ ዓመታት ዋጋ ናቸው። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ጥር ላይ ቢተክል ሰኔ መጋቢት ይሆናል።

ዘንድሮ ገናን እንዳያመልጠኝ ቀይ አፈሩ ላይ መደቡን ሐምሌ 25 ላስገባ ነው። አጎቴ «መስከረም 10 በዝናብ ልትተክይ? አንቺ ልጅ ዘንድሮ ነገር ፈልጊ ብሎሻል» ይላል። ምናልባት ልክ ይሆናል። ለማንኛውም ከአሥር ቀን በፊት ከአዲሱ ቦምቤ ሬድ መቶ ፍሬ ቆጥሬ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። የበቀለውን ለብቻ፣ ያልበቀለውን ለብቻ አድርጌ ቆጠርኩ። 91 በቅሏል፣ 21 አልበቀለም። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሁንም 112 ነው።

አጎቴን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ወደ ጣና አዙሮ ሰማዩን ያያል።