ቴስታታው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ የሞተርና የኤሌክትሪክ ብልሽት መፈለግ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ የራይድ ሹፌር ኮሮላውን ይዞ መጣ። 2005 ሞዴል፣ 1.6 ሞተር። ውስጡ የጸዳ፣ ባለቤቱ የሚሳሳለት መኪና ነው።

ቼክ ኢንጂን በርቷል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲቆም፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ቤንዚንም ይበላል። ከእኛ በፊት ሌላ ቦታ ሄዶ ኦክስጅን ሴንሰር፣ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ዕቃ፣ አስቀይሯል። መብራቱ ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ለሴንሰሩ የከፈለውን ሲነግረኝ ድምፁ ወረደ።

«ወንድሜ፣ ይቺ መኪና የልጆቼ እንጀራ ናት» አለኝ። «አንድ ሳምንት ከቆመች የቤት ኪራይ አይሞላም።»

የጋራዡን ማሽን አምጥቼ ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁ። በእጅ የምትያዝ፣ ኮድ አንብባ ኮድ የምትሰርዝ ትንሽ መሣሪያ ነች። ፒ0171 አለች። ወደ ሲሊንደር የሚገባው ድብልቅ ቤንዚን አንሶታል፣ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ያቺ ማሽን ከዚህ በላይ የምትለው የላትም።

ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። «እኔም ትንሽ ነገር ገዝቻለሁ፣ ቁጥር ቁጥር ያሳያል። ላሳይህ?» አለኝ። የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ሶኬቱ ላይ ተሰክታ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምታወራ ዕቃ ነች። ኢኤልኤም327 የሚባለው ዓይነት። እኔ ግን «ተወው፣ እሱ መጫወቻ ነው» አልኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። ሰውየው መልሱን በእጁ ይዞ ነበር የቆመው።

ከዚያ ቫኪዩም ጌጅ አመጣሁ። ከማኒፎልዱ፣ አየር ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል፣ ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ ነቅዬ ጌጁን አያያዝኩት። ሞተሩ እየሠራ አየር የሚስብበትን ኃይል በኢንች ሜርኩሪ ይለካል። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ክልል አለው፤ ከ17 እስከ 21 ድረስ ደህና ነው ይላል። ከዚያ በታች ያለውን የቫልቭ ታይሚንግ ችግር ብሎ ጽፎበታል። መርፌው 11 ላይ ቆመ።

ትምህርት ቤት የተማርኩት፣ መጽሐፉ ላይ ያለው፣ ጌጁም የሚለው አንድ ነው። 11 ማለት ሞተሩ ታሟል። ወይ ቫልቭ አይዘጋም፣ ወይ ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተው ካቴና ረዝሟል፣ ወይ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ለሹፌሩም ይህንኑ ነገርኩት። «ቴስታታው መነሳት አለበት» አልኩት። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ ማለት ነው። ቴስታታ ከተነሳ የሚቀየር ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ፣ የቶርኖ ቤት ሥራ አለ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት አለ። ሰውየው ኮፋኖው ላይ ተደግፎ ዝም አለ። በመጨረሻ «እሺ፣ ገንዘብ ልፈልግና ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። መኪናው ግቢ አደረ።

እዚያ ጋራዥ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጡ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው የአሰብና የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ጠግነዋል። በማግስቱ ጠዋት ተራቸው ነበርና መጡ። እኔ የቴስታታውን ቡሎኖች ለመፍታት ቁልፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሹፌሩም ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ ደርሷል።

«ምን አግኝተህ ነው?» አሉኝ። ጌጁን አሳየኋቸው።

«የዚያኛውስ ስንት ነው?» አሉና ጥግ ላይ የቆመውን ሌላ ኮሮላ ጠቆሙኝ። ሰርቪስ ብቻ ተደርጎለት ባለቤቱን የሚጠብቅ፣ አንዳች ችግር የሌለበት መኪና ነው። ሄጄ ለካሁት። 12።

ሌላ መኪና ጨመሩልኝ። ቪትዝ። 12 ከሩብ። ሦስት መኪና፣ ሦስት የታመመ ሞተር ሊሆን አይችልም።

ጋሼ አልተቆጡም። እንደ አባት ነው ያስረዱኝ። «ልጄ፣ ይሄ ጌጅ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለነው 2,350 ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ራሱ ስስ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ቀንስ።»

ቀነስኩ። ወደ ስምንት ኢንች ይጠጋል። ከ19 ላይ ስምንት ሲነሳ 11። ያ መርፌ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ነበር የሚነግረኝ። የከባድ መኪና ሹፌሮች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። አዳማን አልፈው ወደ መተሐራ ሲወርዱ መኪናው ጉልበት ሲጨምር በእግራቸው ይሰማቸዋል። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር።

እጄ ቀዘቀዘ። ሰውየው ተበድሮ ያመጣው ገንዘብ ፌስታል ውስጥ አለ። ጋሼ አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢመጡ ጤነኛ ሞተር ከፍቼበት ነበር።

ጋሼ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ይቺ ስልክህ ላይ ያለችው ፊውል ትሪም ታሳያለች?» አሉት። ታሳያለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነውና። የመኪናው ኮምፒውተር ኦክስጅን ሴንሰሩ የሚልከውን ወሬ እየሰማ ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የጨመረውንና የቀነሰውን በፐርሰንት ይመዘግባል። ያ ነው ፊውል ትሪም። ሁለት ቁጥር አለው። አጭሩ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ረጅሙ ኮምፒውተሩ ከሰነበተ ልምድ የያዘው ነው። ሁለቱን ስትደምር ከዜሮ በላይም በታችም እስከ 10 ድረስ ከሆነ ብዙ አያሳስብም።

የዚህ መኪና ሚኒሞ ላይ ረጅሙ 22፣ አጭሩ 6። ድምሩ 28። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ሩብ ያህል ቤንዚን እየጨመረ ነው። ቤንዚን የሚበላው ለዚህ ነው። ጋሼ ሹፌሩን «ነዳጅ ስጠውና 2,500 ዙር ላይ ያዘው» አሉት። ድምሩ ወደ 7 ወረደ።

«አየህ?» አሉኝ። አየሁ። የቤንዚን ፖምፓ ደክሞ ወይም ፊልትሮ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ ችግሩ ይብስ ነበር። እዚህ ግን ዙር ሲጨምር ችግሩ ቀለለ። ይህ ሳይለካ በስንጥቅ የሚገባ አየር ጠባይ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ስንጥቁ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙር ሲጨምር ከብዙው አየር መሀል ይጠፋል። ኦክስጅን ሴንሰሩ እውነቱን ነበር የሚናገረው። ወሬ ነጋሪውን አባረው ወሬውን ትተውት ነው መብራቱ ተመልሶ የበራው።

ጋሼ ፒንሳ ያዙ። አፏን በጨርቅ ጠቀለሉና ከማኒፎልዱ የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ቆንጠጥ እያደረጉ ስልኩን ያያሉ። የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ተቆነጠጠ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ቀጥለው ከቫልቭ ኮቨር የሚመጣውን የፒሲቪ ቱቦ፣ የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰውን፣ ማኒፎልዱ ጋ ቆነጠጡት። ሞተሩ ወዲያው ዝም አለ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ ማለቴ ነው። አጭሩ ቁጥር ከ6 ተነስቶ ከዜሮ በታች 16 ገባ። ረጅሙ ገና 22 ላይ ነው፤ እሱ ትምህርቱን ለመርሳት ጊዜ ይፈልጋል። ድምሩ ግን 6 ሆነ።

ቱቦው ሲወጣ ከሥሩ በኩል፣ ከላይ ለሚያይ ዓይን በማይገባበት ቦታ፣ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ነበረው። ሹፌሩ ሶማሌ ተራ ሄዶ ተመሳሳዩን ገዝቶ መጣ። የከፈለው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ሥራ ጀመረ።

ሹፌሩ ከመሄዱ በፊት የጠየቀኝን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። «መኪናዬን ራሴ ለማየት ምን መሣሪያ ልግዛ?» ነው ጥያቄው። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የማምንበትን ልንገራችሁ።

ኮድ ብቻ የምታነብ ማሽን አትግዙ። ያቺ የጋራዡ ዓይነት ማለቴ ነው። ኮድ የበሽታ ስም አይደለም። «እዚህ ሰፈር አንድ ነገር አለ» የሚል ጥቆማ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሞተሩ እየሠራ ያለውን ቁጥር የሚያሳይ ነው። ፊውል ትሪም፣ የሞተር ሙቀት፣ የአየር መጠን፣ የኦክስጅን ሴንሰር ቮልት። በተጨማሪም ፍሪዝ ፍሬም የሚባለውን ማንበብ አለበት። መብራቱ በበራበት ቅጽበት ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደነበር፣ ሞቆ ይሁን ቀዝቅዞ የተመዘገበበት ነው። ኮድ ስትሰርዙ እሱም አብሮ ይጠፋል። «መብራቷን ብቻ አጥፉልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ የሚያመኝ ለዚህ ነው። ማስረጃውን አጥፉልኝ ማለቱ ነው። ኮዱንና ፍሪዝ ፍሬሙን ወረቀት ላይ ሳትጽፉ አትሰርዙ።

የስልኳ ዕቃ ለዚህ ትበቃለች። ግን ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ቅጂ ነው። ሹፌራችንም የመጀመሪያዋ አልሠራችለትም ነበር። ቬርሽን 2.1 የሚል ከተጻፈባቸው ብዙዎቹ ትእዛዝ የተቀነሰባቸው ናቸው። አዲስ መኪና ላይ ይሠሩና አሮጌ ቶዮታ ላይ «አልተገናኘም» ይላሉ። ስለዚህ ስትገዙ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሰክታችሁ፣ ሞተር አስነስታችሁ፣ ፊውል ትሪም ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ክፈሉ። አይፎን የያዛችሁ ተራ ብሉቱዝ አይሠራላችሁም፤ ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ 4 የሚለውን ፈልጉ። ቤት ስትገቡ ንቀሉት። መኪናው ጠፍቶ ቁልፉ ቢነቀልም ሶኬቱ ላይ የባትሪው መብራት አይቋረጥም። መኪናው ለብዙ ቀን ከቆመ ባትሪ ያደክማል።

መኪናውም መናገር የሚችል መሆን አለበት። አሜሪካ ኦቢዲ2 የሚባለውን፣ ስካነር በሶኬቱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያወራበትን ስርዓት ያስገደደችው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። አውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001። ባለካርቡራቶር ዲኤክስ የያዘ ሰው ስካነር ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ። ኤቢኤስና ኤርባግም አብዛኛውን ጊዜ በዚች ትንሽ ዕቃ አይነበቡም። ለእነሱ ትልቁ ማሽን ያለበት ቦታ ሂዱ። ኤርባግን ደግሞ በፍጹም ራሳችሁ አትነካኩ።

ከስካነር በፊት ግን ቴስተር ግዙ። መልቲሜትር ማለቴ ነው። ከስንት ዓመት ሥራ በኋላ አንድ መሣሪያ ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው እሱን ነው። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ 14 አካባቢ። ባትሪው ከደከመ ኮምፒውተሩ የሌለ ብልሽት ይጽፋል፤ እናንተም የሌለውን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሞተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚያገናኘው ግራውንድ ሽቦ ደህና መሆኑን ለማየት ሞተሩ ላይ ባለው ብረትና በባትሪው ኔጋቲቭ መሀል ያለውን ቮልት ለኩ፣ መብራቱም ሁሉ በርቶ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካገኛችሁ እዚያ ጋ ዝገት ወይም የላላ ቡሎን አለ። ባለ አምፖል ቴስተር ግን የኮምፒውተር ሽቦ ላይ አታስጠጉ፣ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ቫኪዩም ጌጅ? ጥሩ መሣሪያ ነው። ስትገዙ ግን በመጀመሪያ ደህና መኪና ላይ ለኩበት። የጎረቤት መኪና ይሁን፣ የወንድማችሁ ይሁን። የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየው ኮምፕሬሽን መለኪያም እንደዚያው ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ መጽሐፉ ከሚለው ዝቅ ይላል።

ያን ጌጅ ጋራዡን ስለቅ ገዝቼው ወጣሁ። አረንጓዴው ክልል ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ «አዲስ አበባ 11–13» ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ የሚሠራ ጓደኛዬ ተውሶኝ ወስዶት ነበር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ሲመልስልኝ ከእኔ ጽሑፍ ሥር ሌላ ፕላስተር ተለጥፏል። «ድሬ 15–16፣ አራት ደህና መኪና ላይ ተለክቶ» ይላል።