«ኢፍ»ን ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተምር የሠራልኝ መንገድ

«ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» የሚለውን በእንግሊዝኛ በሉት ስል ተማሪዎቼ ሁሉ ይጀምሩታል፤ «ኢፍ አይ» ካሉ በኋላ ግን ይቆማሉ። «ሃድ» ይበሉ ወይስ «ሃድ ሃድ»? ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነገር ነው። «አሁን ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» እና «ትናንት ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» በአማርኛ የሚለያዩት «አሁን» እና «ትናንት» በሚሉት ቃላት ብቻ ነው። ግሶቹ አንድ ናቸው። «ኖሮ» ሲጨመርበት ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ግን ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለቱን በግስ ይለያቸዋል።

አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ አዋቂዎችን ነው የማስተምረው። የሰዋስው መጻሕፍት ጉዳዩን ዜሮ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቁጥር ይከፍሉታል። ቁጥሩን የሸመደደ ተማሪ ባዶ ቦታ ሙላ የሚል ፈተና ያልፍበታል፤ ሰው ፊት ቆሞ ሲያወራ ግን ቁጥር ለማስታወስ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቁጥሮቹን ትቼ ከአማርኛው ተነሣሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ምሳሌዎች ጆሮ እንደሚሰማቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ድምፁ ራሱ የትምህርቱ አካል ነውና።

አማርኛ ውሳኔውን ለመጨረሻው ግስ ያቆየዋል። «ቢዘንብ» ብለን ከጀመርን በኋላ «እቀራለሁ» ማለትም፣ «እቀር ነበር» ማለትም እንችላለን። እንግሊዝኛ ይህን ፋታ አይሰጥም፤ ከ«ኢፍ» በኋላ የመጀመሪያው ግስ ከአፍ ሲወጣ ነገሩ ተወስኗል። በመሆኑም ተማሪ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ጥያቄ እንዲመልስ አደርጋለሁ። አንደኛው፦ ነገሩ ሊሆን ይችላል? ሁለተኛው፣ ሊሆን ካልቻለ ብቻ የሚጠየቀው፦ ጊዜው አልፏል?

ሊሆን የሚችል ከሆነ ከ«ኢፍ» በኋላ የአሁን ጊዜ ግስ ይገባል፦ «ኢፍ አይ ሚስ ዘ ባስ፣ አይል ኮል ዩ»፤ አውቶቡሱ ካመለጠኝ እደውልልሃለሁ። እዚህ ላይ «ኢፍ አይ ዊል ሚስ» የሚል ይበዛል፤ ነገሩ ወደፊት የሚሆን ስለሆነ «ዊል» ያስፈልገዋል ብለው ያስባሉ። አማርኛውን ማየት ይበቃል። «ካመለጠኝ» ስንል እኛም የወደፊት ግስ አልተጠቀምንም፤ ወደፊትነቱን የተሸከመው «እደውልልሃለሁ» ነው። እንግሊዝኛውም ሸክሙን የሚያስቀምጠው እዚያው፣ ውጤቱ ላይ ነው።

የማይሆን ወይም ሩቅ የሆነ፣ ግን ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ግሱ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ «ኢፍ አይ ሚስድ ዘ ባስ፣ አይድ ኮል ዩ»። «ሚስድ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ቢመስልም ስለ ትናንት አይናገርም፤ ከእውነት መራቁን ነው የሚያሳየው። ብዙ ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ካልገባ የሚቀጥለው ሁሉ ሽምደዳ ይሆናል። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ሁለት ደረጃ ይመለሳል፦ «ኢፍ አይድ ሚስድ ዘ ባስ፣ አይድ ሃቭ ኮልድ ዩ»፤ አመለጠኝ ማለት ነው? አይደለም፤ ደርሻለሁ፣ ስለዚህም አልደወልኩም።

ልምምዱ አንድ ግስ ይዞ ሦስቱን ማዞር ነው፤ አውቶቡሱ ሲያልቅ «ክፈል»፣ ከዚያ «ጠይቅ»፣ ከዚያ «እወቅ»። በአንድ ጊዜ ከአንድ ግስ በላይ አላስገባም። ግሱ ሲቀያየር ተማሪው ቃል ፍለጋ ይሄድና ጊዜውን ይረሳዋል። በየዙሩም አሉታውን ጨምሬ አስብላለሁ፣ ምክንያቱም «ኢፍ አይ ሃድንት ፔይድ» የሚለውን በወረቀት የሚጽፍ ሰው እንኳ በአፍ ሲለው ምላሱ ይያያዛል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ እቆርጣቸዋለሁ። መጽሐፉ ድብልቅ ብሎ በመጨረሻ ምዕራፍ የሚያመጣው፣ በኑሮ ውስጥ ግን ቶሎ የሚያስፈልገን ነው፦ «ኢፍ አይድ ስተዲድ ነርሲንግ፣ አይድ ቢ ዎርኪንግ ኢን ኤ ሆስፒታል ናው»፤ ነርሲንግ ተምሬ ቢሆን ኖሮ አሁን ሆስፒታል እሠራ ነበር። መማሩ አልፏል፣ መሥራቱ የአሁን ነው። እያንዳንዱ ግማሽ «ጊዜው አልፏል?» የሚለውን ጥያቄ ለራሱ ይመልሳል፤ ጓደኛው የመለሰውን መድገም የለበትም። ይህን የተረዳ ሰው ስለ ስደት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቀረ ዕድል ማውራት ይችላል፤ ወገኖቻችን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲጨዋወቱ አብዛኛው ወሬ በዚህ ዙሪያ ነው።

መናገሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው መስማት ነው፤ እውነቱን ለመናገር የሚከብደውም እሱ ነው። «አይድ» ሁለት ነገር ነው፦ «አይ ሃድ» ወይም «አይ ዉድ»። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው። «አይድ ጎ» ከሆነ «ዉድ»፣ «አይድ ጎን» ከሆነ «ሃድ»። አንዲት «ን» ናት ልዩነቱ። «ከም» እና «ከት» ደግሞ በዚህ መንገድ የማይለዩ ግሶች ናቸው፤ «አይድ ከም»ም «አይድ ከት»ም ለ«ዉድ»ም ለ«ሃድ»ም ቅርጹ አንድ ነውና፣ እዚያ ላይ የሚረዳን የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። «ዉድ ሃቭ» በፍጥነት ሲነገር «ዉደቭ» ወይም «ዉዳ» ይሆናል፤ «ዉድ ኖት ሃቭ» ደግሞ «ዉድንተቭ»። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ድምፁን ተከትለው «ዉድ ኦቭ» ብለው የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። በመልእክት ብታዩት ትርጉሙን እወቁ፣ አትቅዱት። አሜሪካ ውስጥ «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖን» የሚልም ብዙ ሰው ትሰማላችሁ። በወሬ ያልፋል፤ ለማመልከቻና ለፈተና ግን «ኢፍ አይ ሃድ ኖን» ነው።

ሌላው የመስማት ችግር ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ ሁኔታው ይቀድማል፣ ውጤቱ ይከተላል። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይገለብጠዋል፦ «ዊል ፔይ ዩ ፍራይዴይ ኢፍ ዘ ፎርም ኢዝ ሳይንድ»። ጆሯችን «ዓርብ እንከፍልሃለን» የሚለውን ይዞ ያርፋል፤ ፎርሙ ከተፈረመ የሚለው ድምፁ ዝቅ ብሎ ከኋላ ይመጣል። ቃል ተገብቶልኝ ነበር የሚል ቅሬታ ከዚህ ሲነሣ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መልካም ዜና ስትሰሙ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ጠብቁና ሁኔታውን አስቀድማችሁ ድገሙላቸው፦ «ሶ ኢፍ አይ ሳይን ዘ ፎርም፣ ዩል ፔይ ሚ ፍራይዴይ?» በጽሑፍ ከሆነ ሁኔታው ሲቀድም መሃል ላይ ኮማ ይገባል፣ ውጤቱ ሲቀድም አይገባም።

አሜሪካ ላሉ ተማሪዎች ከሁሉ ቀድሜ የማስተምረው ግን የሐኪም ቤት ስልክ ላይ ያለውን ቅጂ ነው፦ «ኢፍ ዚስ ኢዝ ኤ ሜዲካል ኢመርጀንሲ፣ ፕሊዝ ሃንግ አፕ ኤንድ ዳያል ናይን ዋን ዋን»። ከ«ኢፍ» በኋላ የአሁን ጊዜ፣ ከዚያ ትእዛዝ፦ ዝጋና 911 ደውል። የጋዝ ሽታ ማስጠንቀቂያ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የግብር ቅጽ፣ ሁሉም መመሪያ የሚሰጡት በዚህ ቅርጽ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ስለሆነ ወረፋ አላስጠብቀውም።

በሥራ ቦታ ደግሞ «ኢፍ» ያለበት ሁሉ ሁኔታ አይደለም። አለቃ «ኢፍ ዩ ኩድ ሴንድ ሚ ዛት ባይ ፍራይዴይ፣ ዛት ዉድ ቢ ግሬት» ካለ፣ ብትችል ነው ያለኝ ብሎ መተው አይቻልም፤ እስከ ዓርብ ላክ ማለቱ ነው። እኛም እኮ «ነገ ብትመጡ ደስ ይለኛል» ስንል ኑ ማለታችን ነው። «አይ ዉድ ኢፍ አይ ኩድ» ደግሞ ጨዋ እምቢታ ነው፤ መቼ ትችላለህ ብሎ መከተል አያስፈልግም። ከ«ኢፍ» በኋላ «ዊል» አይገባም ያልኩትም እዚህ ይላላል፦ «ኢፍ ዩል ፎሎ ሚ» የሚል አስተናጋጅ ፈቃዳችሁ ከሆነ ተከተሉኝ ማለቱ ነውና ትክክል ነው። ምክር ስትሰጡ «ኢፍ አይ ዎር ዩ» በሉ፤ «ዎዝ» የሚልም አለ፣ «ዎር» ግን የትም ቦታ አያሳፍርም።

«አንለስ» ላይ የሚሠራውን ስህተት ምንጩን ካላወቁት አይነቀልም። «ካልከፈልክ በስተቀር አትገባም» የሚለው ውስጥ «ካል» አሉታ ስላለበት፣ ተማሪው «አንለስ ዩ ዶንት ፔይ» ይላል። «አንለስ» አሉታውን በሆዱ ይዞታል፤ «አንለስ ዩ ፔይ» ይበቃል። ሁለቱን ከደረብን ከፍለህ ከሆነ አትገባም ወደሚል ተቃራኒ ይሄዳል። ካስቸገረ «ኢፍ ዩ ዶንት ፔይ» ብሎ ማለፍ ነው።

«ኢን ኬስ» እና «ኢፍ»ም ይምታታሉ። «ቴክ አን አምብሬላ ኢን ኬስ ኢት ሬይንስ» ሲባል ጃንጥላው ከዝናቡ በፊት ይያዛል፤ ምናልባት ቢዘንብ ተብሎ ነው። «ኢፍ ኢት ሬይንስ» ከተባለ ግን ሲዘንብ ነው የሚያዘው። ልጅ ለሚጠብቅ ወይም ሕመምተኛ ለሚንከባከብ ሰው ይህ ልዩነት ሥራ ነው፤ «ኮል ሚ ኢፍ ሺ ክራይስ» ከተባላችሁ ካላለቀሰች አትደውሉም።

ከባንክና ከቤት አከራይ በሚመጣ ደብዳቤ «ኢፍ» ጭራሽ የሌለበት ሁኔታ ታገኛላችሁ፦ «ሹድ ዩ ሃቭ ኤኒ ክዌስቸንስ»። «ሹድ»ን አይተው መጠየቅ ግዴታ ነው ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ጥያቄ ካላችሁ ማለት ብቻ ነው። «ሃድ ዊ ኖን» ካለም «ኢፍ ዊ ሃድ ኖን» ብላችሁ አንብቡት። እነዚህን ለይቶ ማንበብ ይበቃል፤ በንግግር ላይ አላስለማምዳቸውም።