ሲወጣ ሲወርድ የከረመው ቁጥር

የመጀመሪያው ቁጥር 58 ነበር፤ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ ውጤት ነው። ጊዜው ጥር 2014 ነው። ሽንቴ መቆራረጥ ከጀመረ ከርሞ ነበር፤ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነሣለሁ። «ዕድሜ ነው» እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ። ባሕር ዳር የምትሠራ ልጅ አለችኝ። ለገና መጥታ ሌሊት ስመላለስ ሰማችኝ። በሳምንቱ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደም ሰጠሁ፣ ከፕሮስቴቴ፣ ከፊኛ ሥር ካለው የወንድ እጢ፣ ናሙና ተወሰደ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ አጥንት አልደረሰም ነበር።

ስለ ሕክምናው ባጭሩ ልናገር። በየሦስት ወሩ ሆዴ ላይ የሚወጋ፣ የወንድ ሆርሞንን ዝቅ የሚያደርግ መርፌ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መርፌ ለጥቂት ሳምንት ሆርሞኑን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ቀድሞ የሚዋጥ ክኒንም ነበረው። ከዚያ ለጨረር ወረፋ ያዝኩ። ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ከማርቆስ ተነሥቼ፣ በደጀን ወርጄ ዓባይን ተሻግሬ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አራት ሳምንት ተቀመጥኩ። ወገቤና ሆዴ ተቸገሩ እንጂ ጨረሩ ራሱ አያምም።

መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ መርፌውም ስለ ጨረሩም አይደለም። ከአንዱ የደም ምርመራ እስከ ሌላው ስላለው ኑሮ ነው። እኔን ያደከመኝ እሱ ነው።

ፒኤስኤ የሚባለው ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ጤነኛው የፕሮስቴት ክፍል ያመነጨዋል፣ ካንሰሩም ያመነጨዋል። ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል። የሚለካው ያ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ቁጥሩን የካንሰሩ ሚዛን አድርጌ ያዝኩት። ሲወርድ ካንሰሩ ወረደ፣ ሲወጣ ካንሰሩ ወጣ።

በሦስተኛው ወር 6.4 ሆነ። በስድስተኛው 1.1። በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ «እሰይ» ተባለ። በዘጠነኛው ወር 2.3 ሆነ።

ሠላሳ ዓመት እህል የነገድኩ ሰው ነኝ። እጥፍ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀቱን ላብራቶሪው ደጃፍ ላይ ቆሜ አየሁት። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላስታውስም። ሐኪሙን የማገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በነዚያ ሦስት ሳምንታት እህል ተራ አልወጣሁም። የንስሐ አባቴን አስጠራሁ። ለባለቤቴ መጋዘኑን ማን እንደሚይዘው፣ ማን ስንት እንዳለበት አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ስታለቅስ ሰማኋት። እስከ ዛሬ ከሕመሙ ሁሉ የሚከብደኝ ያ ቀን ነው።

ቀጠሮው ደርሶ ገባሁ። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ አልደነገጠም። መጠየቅ ጀመረ።

«አባቴ፣ ሽንት ሲወጣ ያቃጥልዎታል?»

«አዎ፣ ትንሽ።»

«ትኩሳትስ?»

«ነበረኝ። ብርድ መስሎኝ ነው።»

«ይህ ሁሉ ደም ከመስጠትዎ በፊት ነው በኋላ?»

በፊት ነበር። የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሙ ይደገም አለ። ሲደገም 0.9 ሆነ። ከ1.1ም ወረደ ማለት ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተናዘዝኩት ለሽንት ኢንፌክሽን ኖሯል። ማቃጠሉን ቀደም ብዬ ለነርሷ ብነግራት ባለቤቴ ያን ቀን ባላለቀሰች ነበር። ለወረቀቱ ብዬ ሄጄ ስለ ራሴ ሳልናገር እመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዶክተሩን መጠየቅ ጀመርኩ። ፕሮስቴትን የሚያስቆጣ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ሊያወጣው ይችላል አለኝ። ኢንፌክሽን አለ። ሽንት ተዘግቶ በቱቦ መውጣቱ አለ። ከፕሮስቴት ናሙና ከተወሰደ ገና ሳምንታት ካልሞሉት እሱም አለ። ደም ከመስጠት በፊት ለሁለት ቀን ከሚስት ጋር አለመገናኘት፣ ብስክሌት አለመንዳት፣ በፈረስም ሩቅ አለመሄድ ይሻላል። በእኛ አካባቢ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል። ሐኪም ፊት ማፈር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሌላም ነገር አለ። ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። እኔ ሦስት ጊዜ ባዶ ሆዴን ሄጄ ወረፋ ላይ ራሴን ስቼ ልወድቅ ደርሻለሁ።

ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው ከጨረሩ በኋላ ነው፤ ግንቦት 2015። ማርቆስ ላይ ደም ሰጥቼ 0.31 ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ልጄን ልጠይቅ ባሕር ዳር ሄድኩ። «አባባ፣ እዚህ ደግሞ እናረጋግጥ» አለችኝና ሌላ ላብራቶሪ አስገባችኝ። 0.42 ሆነ። በአራት ቀን! ልጄ ፊቷ ጠቆረ። እኔ ግን በዚህኛው ጊዜ አልጠቆርኩም። ስለምን ብትሉኝ፣ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ እህል የሚሰፍረው በቁና ነበር። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና እንደማይተካከል ልጅ ሆኜ አስተምሮኛል። አንዱ ጠለቅ ይላል፣ አንዱ አፉ ይሰፋል፣ አንዱ ጋ ሲሰፈር ይከመራል፣ ሌላው ጋ ይላጫል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው። አሁን በኪሎ በምንሸጥበት ዘመንም ከገበሬው ሚዛንና ከእኔ ሚዛን መካከል ልዩነት ይወጣል። ስለዚህ ነጋዴ ትናንት በአንዱ ሚዛን፣ ዛሬ በሌላው መዝኖ «እህሌ ጎደለ» አይልም። በዚያው ሚዛን ደግሞ ይመዝናል።

ይህን ለዶክተሩ ስነግረው ሣቀና «ነገሩ እንዳሉት ነው» አለ። የፒኤስኤ መሣሪያዎች የተለያዩ ናቸው፤ አሠራራቸውም አንድ አይደለም። ያንኑ ደም ሁለት ቦታ ቢለኩት የተለያየ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። በአንዱ ላብራቶሪ ውስጥም እንኳ ቢደገም ቁጥሩ ቁርጥ ያው አይሆንም። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይህች ጥቂት ልዩነት ትልቅ ትመስላለች። ከ0.31 ወደ 0.42 ሲሉት ብዙ ነው፤ ሲያስቡት ግን 0.11 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ላብራቶሪ ብቻ ነው የምሄደው። ልጄም ተስማምታለች።

ደብተርም ያዝኩ። የዱቤ ደብተር መያዝ ስለለመድኩ አልከበደኝም። ቀኑን፣ የላብራቶሪውን ስም፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከጎኑ ደግሞ የዚያን ሳምንት ሁኔታ፤ ትኩሳት ነበረ ወይ፣ ሽንት አቃጠለ ወይ፣ የመጨረሻው መርፌ መቼ ተወጋ፣ አዲስ መድኃኒት ተጀመረ ወይ። ለምሳሌ ፕሮስቴት ሲያብጥ ከሚሰጡት ክኒኖች አንዱ፣ ፊናስተራይድ የሚባለው፣ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ያወርደዋል። ያን ሐኪሙ ካላወቀ ይሳሳታል። ደብተሩ ከቁጥሩ ይልቅ የጠቀመኝ በዚህ በጎኑ ባለው ጽሑፍ ነው።

የጠቀመኝም ብዙ ሳይቆይ ነው። በ2015 ክረምት መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም፣ ስልክም እንደ ልብ አይሠራም። መርፌዬ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነበር። አንድ ሳምንት ዘገየ፣ ሁለት ሆነ፣ አምስት ሳምንት ሞላው። በጥቅምት ስለካ ቁጥሩ 0.7 ሆኖ ወጣ። ዶክተሩ ደብተሩን ገለጠ፤ የመርፌውን ቀን አየ። ከፒኤስኤው ጋር ቴስቶስትሮንም ይለካ አለ። ይህ ካንሰሩን የሚመግበው የወንድ ሆርሞን ነው፤ የመርፌውም ሥራ እሱን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ሲለካ ሆርሞኑ ቀና ብሎ ተገኘ። ስለዚህ የወጣው መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ስላልደረሰኝ ነው። መርፌው ተወጋ፤ በጥር 0.2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ከቀኑ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድመን መፈለግ ጀመርን። አንዱ ዘመድ ከመጣ ይዞት ይመጣል፤ እንዴት እንደሚቀመጥም መድኃኒት ቤቱን ጠይቀን ነው።

ስለ ጸበልም ልናገር። ብዙ ሰው «መርፌውን ተወውና ጸበል ግባ» ብሎኛል። ለፍቅር ብለው ነው። የንስሐ አባቴ ግን «ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጣ መርፌህንም ተወጋ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» አሉኝ። እንዲያ አደረግሁ። አንድ የማውቀው ሰው መድኃኒቱን ትቶ ሄዶ ብዙ ተጎድቷል።

ቤታችን ውስጥም ሥርዓት አበጀን። ወረቀቱን ደጃፍ ላይ ቆሜ ማየት ተውኩ። ደም የምሰጠው ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ ነው፤ ሦስት ሳምንት የሚያስጠብቅ ነገር የለም። ውጤቱ ታጥፎ ዶክተሩ ጋ ይገባል። አብረን እንከፍተዋለን። ለልጆቼ የምናገረው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ዶክተሩ ያለውን ጭምር ነው። ጎረቤት ግን «ስንት ገባ?» ይለኛል፣ የጤፍ ዋጋ እንደሚጠየቅ። «ደህና ነው፣ ተመስገን» ብዬ አልፋለሁ። መጀመሪያ ክብር የነሣኋቸው ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ቁጥሬን ሲያውቅ፣ በወጣ ቁጥር የሁሉንም ፊት ማየት ነበረብኝ። አቅሜ አልቻለውም።

ባለቤቴን ግን ከዚህ አላወጣኋትም። አሁን አብራኝ ትገባለች። ዶክተሩን ከእኔ በላይ የምትጠይቀው እሷ ናት።

የሆርሞን መርፌው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ቆመ። ዶክተሩ አስቀድሞ አስጠነቀቀኝ፦ «አባቴ፣ አሁን ቁጥሩ ትንሽ ይወጣል። እንዳይደነግጡ።» ፕሮስቴቴ በቀዶ ሕክምና አልወጣም፤ በጨረር ነው የታከመው። ስለዚህ ቦታው ላይ አለ፤ ሆርሞኑ ሲመለስ ጤነኛው ክፍልም ትንሽ ያመነጫል። በጨረር የታከሙ አንዳንድ ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ራሱ ይመለሳል። ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ግን ከሞላ ጎደል ዜሮ ነው የሚጠበቅበት። እሱ 0.2 ቢደርስና ቢደገም ሐኪም ቆም ብሎ ያስባል። የእኔ መስመር ሌላ ነው፤ ከደረስኩበት ዝቅተኛ ቁጥር ላይ 2 ሲጨመር ነው መጠርጠር የሚጀመረው። ዝቅተኛዬ 0.2 ነበር፤ ስለዚህ 2.2 ማለት ነው። ቀዶ ሕክምና ያደረገ አንድ ወዳጄ ጋር ቁጥር ስናወዳድር ስንት ቀን በከንቱ ተጨንቄያለሁ!

ከዚያ ወዲህ 0.4፣ 0.7፣ 0.6፣ 0.8 ሆኗል። ደብተሩ ላይ አለ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ሰው አሳሳትኩ ማለት ነው። መውጣቱ ሁሉ ኢንፌክሽን ወይም የሚዛን ልዩነት አይደለም። በብቸና በኩል ያለ አንድ ደንበኛዬ ያው ሕመም አለበት። እኔን አይቶ «ይወጣል ይወርዳል፣ ግድ የለም» ማለት ጀመረ። ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አለፈው። እሱ ግን በአንዱ ላብራቶሪ፣ ያለ ትኩሳት፣ መርፌውን በቀኑ እየተወጋ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ እየጨመረ ነበር። አያዋጣም ብዬ ራሴ ይዤው ሄድኩ። የአጥንቱን ምስል አነሡት፣ ሌላ መድኃኒት ጨመሩለት። ዛሬ ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ኩንታል ማሽላ ይዞልኝ መጣ። ያ ደብተር ለሱም ተገዝቶለታል። ያንኑ ነው የነገርኩት፦ አንዱ ቁጥር አያስደንግጥህ፤ ሦስቱ ከተከታተሉ ግን ቤት አትቀመጥ።

የእኔ ቀጣይ ምርመራ ከመስቀል በኋላ ነው። ጠዋት ደም ሰጥቼ ቁርሴን በልቼ እህል ተራ እወጣለሁ። አዲሱ ጤፍ ገና አልደረሰም፤ ያለው የአምናው ነው። ባለቤቴ ቀጠሮውን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ እስክሪብቶ ከብባዋለች።